ቦርከናን ያሻገርኩት ገመድ

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ሰሚራ ስልኳ ላይ አንድ የድሮ ፎቶ አሳየችኝ። ከመቶ ዓመት በፊት በዋና ውድድር ወንዶቹን የቀደመች ሴት ናት። "ጋዜጠኞቹ የጠየቋት ግን ምን ለብሳ እንደዋኘችና ማን እንደፈቀደላት ነው" ስትለኝ ደሜ ፈላ። ወላሂ፣ እኔም ዋናተኛ ነበርኩ!

በልጅነቴ ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ፣ ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚሄደው ሰው ዳር ላይ ይከማቻል። እሸት በቆሎ እየጠበሰ ይጠብቃል። ያኔ አንድ ጎበዝ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ይዋኝና ማዶ ካለው ሾላ ጋር ያስረዋል፤ ሌላው ገመዱን ይዞ ይሻገራል። ገመዱን ላሻገረው ሽማግሌዎች ስሙን ጠርተው ዱዓ ያደርጉለታል። ያን ዱዓ ያገኘ በአገሩ ሁሉ ስም አለው።

የዚያን ነሐሴ ተራው የታላቅ ወንድሜ የአያ አህመድ ነበር። ውሃው ጭቃ ጭቃ ይሸታል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። አያ አህመድ እግሩን ነከር አድርጎ መለሰ፤ ደግሞ ነከር አድርጎ መለሰ። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ውሃ ልቀዳ በወረድኩ ቁጥር እየዋኘሁ ነው ያደግኩት። ገመዱን ነጥቄው፣ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ገባሁ። ሁለቴ ውሃ ጠጣሁ፤ ግን አሰርኩት! ስመለስ ሴቶቹ እልል አሉ።

ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ ዘግይተው ደረሱ። "ማነው ያሻገረው?"

"ልጄ አህመድ" አለ አባቴ፣ እኔን ሳያየኝ። ያ ሁሉ ሰው ዝም! እናቴ ጆሮዬ ላይ "ዝም በይ፣ ማን ያገባሻል?" አለችኝ። ለአህመድ ዱዓ ተደረገ። እኔም፣ ይግረማችሁ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ እጄን ዘርግቼ "አሚን" አልኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያ አሚን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲያ እሱ "ዋናተኛው አህመድ" ተባለ፤ እኔ ወንዝ እንዳልወርድ ተከለከልኩ።

ይህን ስነግራት ሰሚራ ግራ ገባት። "እማማ፣ አባባ አህመድ እኮ ያሻገርኩት እኔ ነኝ ብለው ነው የነገሩን።"

አላስቻለኝም። ሻሼን ጣል አድርጌ፣ ባጃጅ አስቁሜ፣ ሰሚራን አስከትዬ ቤቱ ሄድኩ።

"ንገራት" አልኩት።

"ኧረ ፋጡማ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈውን ነገር!" አለ እየሳቀ።

"ያለፈው ላንተ ነው።"

ሳቁን ተወ። ሰሚራን ቀና ብሎ ሳያያት "እሷ ናት" አለ።

ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ሁለት ቃል እኮ ናት! ይቺን ለማለት ስልሳ ዓመት?