የብሎክ ዘጠኝ ዋይፋይ ጠባቂ

አያ ባዬ ዋይፋይ ይጠብቃሉ። የቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ እንዲህ አልተጻፈም። እዚያ ላይ ያለው «የተማሪዎች መኖሪያ ፕሮክተር» የሚል ነው፤ ሥራውም ቁልፍ መስጠት፣ ፍራሽ መቁጠር፣ የተሰበረ አልጋ መመዝገብና ጠብ መገላገል ነው። ቡሬ ዳር ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲቀጠሩ ስለ ዋይፋይ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሁለት ቴክኒሻኖች መጥተው በብሎክ ዘጠኝ ደህና ቁልፍ ያለው የእርሳቸው ክፍል ብቻ ነው አሉና፣ አንዲት ነጭ ሳጥን ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ ቸነከሩ። መሰላሉን የያዙላቸውም ራሳቸው አያ ባዬ ናቸው። ሰው ጣጣውን በገዛ እጁ ደግፎ ይሰቅላል።

ቴክኒሻኑ ሲወጣ የተወላቸው ትእዛዝ አንድ ነው። ቀዩ መብራት ሲበራ ሶኬቱን ይነቅላሉ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይቆያሉ፣ መልሰው ይሰካሉ። አያ ባዬ ሰዓት አያስሩም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሳይጣደፉ፣ ከነአሜኗ ሠላሳ ሰከንድ እንደምትሞላ በተማሪ ስልክ አስለኩና በዚያው ጸኑ። ይነቅላሉ፣ ይደግማሉ፣ ይሰካሉ። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቀን አንድ የገዳም መነኩሴ የሚደግመውን ያህል ይደግማሉ።

ከዚያ ወዲህ በራቸው አርፎ አያውቅም። ጉርሻቸው ገና እጃቸው ላይ እያለ ይንኳኳል፤ ጋደም ሲሉ ይንኳኳል። አንዱ የቤት ሥራ መላክ አለብኝ ይላል፤ ሌላው እናቴን በቪዲዮ ሳላያት ወር ሞላኝ ይላል። አያ ባዬ አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ክረምት ከበጋ ያማቸዋል፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ወሩን እንደ ጾም ቀን ይቆጥራሉ። ደክሟቸዋል። ይነጫነጫሉም። በአንድ ነገር ግን የሚያማቸው የለም፦ ኔትወርክ የለም ካሉ የለም። ሌላው ፕሮክተር መነሣት ሲሰለቸው «ከላይ ተቋርጧል» ይላል፤ እርሳቸው ዋሽተው አያውቁም።

ራሳቸው ግን አንድም ቀን ተጠቅመውበት አያውቁም። አምና የተመረቁት ልጆች አዋጥተው ያገለገለ ተች ስልክ ገዝተውላቸው ነበር፤ በፌስታል ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ፍኖተ ሰላም ያሉትን ሚስታቸውን ደስታነሽንና የመጨረሻ ልጃቸውን ህይወትን የሚያገኙበት ያችው በተን ስልካቸው ትበቃቸዋለች።

ህይወት ሐምሌ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው እዚያው አባቷ በሚሠሩበት ግቢ ነው። ተፈታኞቹ በአውቶቡስ ተጭነው መጥተው ሳምንት ሲያድሩ፣ ሠራተኛ ተፈታኝን እንዳያናግር ተከልክሎ ነበር። አያ ባዬ እንኳን ለሌላው ለልጃቸውም ሲሉ ደንብ አይጥሱም። አንድ ቀን ብቻ ከካፌው ሰልፍ ላይ ከሩቅ አዩዋት። እርሷም አየቻቸውና ሳህኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ ፈገግ አለች። በቃ። ያችን ፈገግታ ይዘው ፈተናው ቀሏታል ብለው ደመደሙ። ለጽዳት ሠራተኞቹ፣ ለጥበቃዎቹ፣ ለተማሪው ሁሉ «የሚቀጥለው ዓመት ልጄ ከማዶ ሴቶቹ ብሎክ ናት» እያሉ አወሩ። ልጅቱን የጠየቃት የለም።

ውጤቱ መስከረም ላይ አንድ ሐሙስ ወጣ። ህይወት ጠዋት ደወለች። ፍኖተ ሰላም ዳታ እምቢ ብሏል፣ በአጭር መልእክት ይመጣል የተባለውም ጭጭ ብሏል አለች፤ እርስዎ ዘንድ ዋይፋይ አለና ይዩልኝ ብላ የተፈታኝ ቁጥሯን ነገረቻቸው። በፍራሽ መዝገቡ ጀርባ ላይ ጻፉት።

አንዱን ተማሪ ጠርተው ቁጥሩን ቢሰጡት ነገሩ የአፍታ ነበር። ግን ያን ሁሉ አውርተው የልጃቸውን ውጤት ከሰው አፍ መስማት አልፈለጉም። ምናልባት ባይቀናትስ፣ አሉ በልባቸው፤ ምናልባትን ደግሞ ማንም ባያይባቸው ይሻላል። ተቹን ስልክ ከፌስታሉ አውጥተው በራሳቸው ስም ሊያስገናኙ ወጡ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ከግቢው ሌላ ጫፍ ነው፤ የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም። እዚያ ያለው ምሥጋና የሚባል ወጣት በአክብሮት ተነሥቶ ተቀበላቸውና፣ ለሠራተኛ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚሰጠው በኃላፊ ደብዳቤ ነው አላቸው። ተመለሱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ጠበቁ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። የማኅተሙ ሰው ከምሳ እስኪመለስ ከደጃፍ ተቀመጡ፤ የእርሳቸው ምሳ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበታቸውን ይዘው እንደገና ጭቃውን ተሻግረው ደረሱ። ምሥጋና ደብዳቤውን አገላብጦ አየና ቁጥርና ቀን እንደሌለው በሐዘን ነገራቸው። ነገ ጠዋት አስሞልተው ቢመጡ ወዲያው ይሠራላቸዋል።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» አሉ አያ ባዬ። ምሥጋና ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ብሎካቸው ሲደርሱ ከሦስተኛ ፎቅ ፀጋው የሚባለው የዱርቤቴ ልጅ በራቸው ላይ ቆሟል። ቀዩ መብራት በርቷል። ነቀሉ፣ ደገሙ፣ ሰኩ። ልጁ አመስግኖ ሊሄድ ሲል ጠሩትና ተቹን ስልክ ዘረጉለት። አንገታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«ይችን አገናኝልኝ። ከዚያ ውጣልኝ፣ ልጄ።»

ፀጋው የራሱን ስምና የይለፍ ቃል አስገባ፤ ገጹን ከፍቶ ቁጥሩ የሚጻፍበትን በጣቱ አሳያቸው። ስለ ውጤቱ ያልሰማ ተማሪ በግቢው የለም፤ ምን ሊያዩ እንደሆነ ገብቶታል። ምንም ሳይጠይቅ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

በአንድ ጣት ጻፉት። መጀመሪያ የመጣው ፎቶዋ ነው፤ ከሥሩ ስድስት የትምህርት ዓይነት። በመዝገቡ ጀርባ ደመሩት። ከስድስት መቶ አንድ መቶ ሰባ አራት። ከታች ወደ ላይ ደመሩት፤ ያው ነው። ማለፊያው እኩሌታ ነው፤ የእርሷ ሲሶም አልሞላ።

አዘኑ። ከቁጥሩ ይልቅ ያቺ የካፌው ፈገግታ አንጀታቸውን በላችው። ልጅቱ ያኔም ከብዷት ኖሯል፤ አባቴ አይዘን ብላ ፈገግ አለች፤ እርሳቸው ደግሞ በፈገግታዋ ላይ ዲግሪ ጫኑባት። በስልክ አልነግራትም አሉ። ቅዳሜ ሄደው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ይነግሯታል። እስከዚያ ኔትወርክ የለም ማለት ይችላሉ፤ መላው አማራ ክልል ያምናቸዋል። ግን መዋሸት ነው። ሳጥኗን ቀና ብለው አዩዋት፤ አረንጓዴዋ ደምቃ በርታለች።

ሶኬቱን ነቀሉት። እንደ ልማዳቸው ደገሙ። አሜን አሉና ሳይሰኩት ደወሉ።

ኔትወርክ የለም አሏት፤ ሳጥኗ ጠፍታለች። ከዚያ ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በልቻለሁ አሉ፤ ይህኛው ውሸት ግን የሚነቀል ሶኬት አልነበረውም።

«አባባ» አለች። «ነገም አይዩት።»

አያ ባዬ የተነቀለውን ሶኬት ቁልቁል አዩት።

«መልእክቱ ቀትር ላይ ገብቶልኝ ነበር። ኔትወርክ እንዳጡ ቀኑ ቢመሽልኝ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል፤ አያ ባዬ፣ ኔትወርክ የለም እንዴ ይላሉ። ድምፁ በስልኩ አልፎ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። ህይወት ሰማች። ያቺ ሳጥን ስትጠፋ አባቷ ምን እንደሚያደርጉ ቤት በሚመጡባቸው ቅዳሜዎች ሦስት ዓመት ስታደምጥ ኖራለች፤ ሆን ብለው እንደነቀሉት፣ ውጤቱንም እንዳዩት ገባት። ግን አልነቀፈቻቸውም።

«ይሰኩላቸው አባባ» አለች። «ልጆቹ ምን አጠፉ?»

በአንድ እጃቸው ስልኩን እንደያዙ በሌላው ሰኩት። ቀዩ በራ፣ ቆይቶ አረንጓዴው። ቅዳሜ እመጣለሁ አሏት፤ እሺ አለች፤ ማናቸውም ስልኩን አልዘጉም።

«መጣ ወይ?» አለ አንዱ ከውጭ።

«መጣ» አሉ አያ ባዬ። ስልኩ ገና ጆሯቸው ላይ ነበር።