ሽማግሌው ሲት እና የጫማ ማሰሪያው ቋጠሮ

ሲት ፎክ በስልሳ አንድ ዓመቱ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ያን ያህል አልተናደደም። አርባ ዓመት በሆንግ ኮንግ ሰማይ ላይ ለግንበኞች መወጣጫ የሚሆን ቀርከሃ ሲያስር የኖረ ሰው አንድ ቀን ቢወድቅ ምን ይገርማል? ያንገበገበው የኮንትራክተሩ መልስ ነው፦ የተናደውን መወጣጫ ያሰረው ራሱ ሲት ስለሆነ ጥፋቱም የራሱ ነው፤ ካሳ የለም።

ውሸት ነው። ሲት የተጠራው ቀድሞ በቆመና ማሰሪያው እስከማይታይ በአረንጓዴ መረብ በተሸፈነ መወጣጫ ላይ አንድ ደርብ ሊጨምር ነበር።

ሲት ከስሶ ችሎት የቀረቡ ዕለት ሚስቱ ላም «ዛሬ እንኳ አፍህን ያዝ፣ ጠበቃህ ይናገርልህ» አለችው። እሺ ብሎ ነበር። የኮንትራክተሩ ጠበቃ የመወጣጫውን የላላ ማሰሪያ ፎቶ ሲያሳይ ግን እሺታው ጠፋ።

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ እኮ የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው። እኛ ቀርከሃ አሳሪዎች አንቋጥርም።»

ዳኛዋ «እንዴት ነው ታዲያ የምታስሩት?» አሉት። ሰው መሃረብ እንደሚይዝ ሲት የናይለን ጥብጣብ ከኪሱ አይጠፋም። ሁለቱን ክራንቾቹን አጣምሮ አምስት ጊዜ ጠመጠመ፣ ጫፉን አክርሮ ከሥር ወተፈው። በቃ።

የኮንትራክተሩ ጠበቃ ቋጠሮ የሌለው ነገርማ በቀላሉ ይፈታል ብሎ ተቀበለው። አገላበጠ፣ ጎተተ፣ በጉልበቱ ያዘው፣ ላቡ ጠብ እስኪል ታገለ። የሚፈታው ነገር አጣ።

ዳኛዋ ለምስክርነት ወደ ቀረበው የኮንትራክተሩ ፎርማን ዞረው መወጣጫውን ማን እንዳሰረው ጠየቁት። ፎርማኑ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ስላልፈለገ መወጣጫውን በልስን ሠራተኞች እንዳሳሰረው አመነ። ዳኛዋም ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ያወጣ ኮንትራክተር ተጠያቂ ነው ብለው ፈረዱ።

ሲወጡ ክራንቾቹ እንደተጣበቁ ናቸው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ፍታውና እንሂድ» አለችው ላም።

«ትንሽ ይቆይ። ሰው ይየው።»

እሱ ትከሻዋን ተደግፎ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ እሷ ክራንቾቹን ተሸክማ እያጉረመረመች አውቶቡስ ፌርማታ ደረሱ። እዚያ ቁጭ እንዳሉ ላም ማሰሪያውን በጣቷ ነካ አደረገች፤ ቀጥሎ ባላት ጉልበት ሁሉ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። አርባ ዓመት ሙሉ ባሏን እዚያ ሰማይ ላይ ይዞላት የኖረው ይህ ነበር። ማጉረምረሟን ተወች።