ገና የያዘኝ ሰው አለ

ወንድሜን ቢሮ ውስጥ «ልብስ ሰፊው» ይሉት ነበር። መርፌ ጨብጦ ግን አያውቅም። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በክብና በቀስት የተሣለን ሥዕል ወደ ሌላ ሥዕል የሚቀይሩ ደንቦች ይጽፋል። ክቡ ሰው ወይም ዕቃ ነው፤ ቀስቱ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ያሳያል። አንድ ጊዜ የሠራለትን ዘዴ አይጥልም። ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚቆርጥበትን የወረቀት ልክ እንደሚያስቀምጥ፣ እሱም ዘዴውን ስም አውጥቶለት ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፈዋል። ከሥሩ ደግሞ የተጠቀመበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» እለው ነበር፤ ፊት ለፊቱ ነበር የምቀመጠው።

«ላንቺ ነዋ። ሰነፍ ስለሆንሽ።»

ከሁሉ የሚወደው ዘዴ ስሙ «ሳታወርስ አታጥፋ» ነበር። አንድ ክብ የሚሰረዘው የተያያዙት ቀስቶች በሙሉ ወደ ሌላ ክብ ከተዛወሩ በኋላ ነው። አንድ እንኳ ከቀረ ማሽኑ ቆሞ መልእክት ያወጣል። መልእክቱን ብቻውን እየሳቀ የጻፈው እሱ ነው፦ «ቆይ፣ ገና የያዘኝ ሰው አለ።»

በሞተ በሁለተኛው ወር የሠራተኞችን መዝገብ ወደ አዲሱ ሲስተም የማሻገር ሥራ ለእኔ ደረሰ። አሮጌው ማሽን ሐሙስ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት በእሱ ደንቦች የሚሠራውን ማሻገሪያ አስነሣሁት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተሻገረ፤ እሱ ጋ ደርሶ ክቡን ሊሰርዝ ሲል ቆመ።

«ቆይ፣ ገና የያዘኝ ሰው አለ።»

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ፊት ለፊቴ ወዳለው ባዶ ወንበሩ አላየሁም።

ሦስት ቀስት ቀርቶታል። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍና የእሑድ ተረኛነቱን አጠገቤ ለሚቀመጠው ለድምቡሼ አዛወርኩ። ማክሰኞም እዚያው ቆመ። የቀረችው ቀስት ከእኔ ክብ ተነሥታ እሱ ላይ ታርፋለች፦ አደጋ ቢደርስብኝ የሚጠራ ሰው።

አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ አነበበ። «እኅቴ፣ ደንቡን አንሺውና ይለፍ።»

«ከተነሣ ለሁሉም ነው የሚነሣው። የሌላውም ሰው ቀስት ይቆረጣል።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ጻፊ።»

ማንን? እናታችን ጆሮዋ ደክሟል፤ ስልክ ቢጮህ አትሰማም። ረቡዕ አምስት ጊዜ አስነሣሁት። እንዲያልፍ ብዬ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ድምቡሼ የራሱን ወንበር እየጎተተ መጣ። «ቁልፉንም እሑድንም አሸክመሽኛል። አንቺ ብትጨመሪ ምን ትከብጃለሽ? እኔን ጻፊኝ።»

«አንተ ስልክ መቼ አንሥተህ ታውቃለህ?»

«ያንቺን አነሣለሁ።»

ሲናገር እኔን ሳይሆን ባዶውን ወንበር ነበር የሚያየው። ጻፍኩት። አስነሣሁት። ወንድሜ ጋ ሲደርስ ምንም ሳይል አለፈ። ቃሉን ብጠብቅ ብጠብቅ፣ በመጨረሻ የወጣው «ተጠናቋል» የሚል ብቻ ነው።

ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያው አወጣሁ። «ሳታወርስ አታጥፋ» ከሚለው ሥር የተጠቀመበትን አሥራ አንድ ቦታ በእጁ ጽፏል። አሥራ ሁለተኛውን እኔ ጨመርኩ፦ «ደንቡን በጻፈው ሰው ላይ። ሠርቷል።»