የዘጠና ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ

ሸጎሌ የከፈትኩትን መጋዘን የሚቆጣጠር ሰው ፈልጌ፣ ስልክ ቁጥሬን ብቻ የያዘ ማስታወቂያ የመብራት ምሰሶ ላይ ለጠፍኩ። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ሁሉም ሲቪያቸውን ያስጻፉት አዲሱ ገበያ ያለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነው። ጸሐፊው ደግሞ ለሁሉም «ከጎናችን ባለው ቆርቆሮ መሸጫ አራት ዓመት ሠርተዋል» ብሎላቸዋል። ብደምረው ዘጠና ሁለት ዓመት ሆነ። ቆርቆሮ መሸጫው የእኔ ነው፤ ከከፈትኩት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አንድም ሠራተኛ ቀጥሬ አላውቅም።

የመጨረሻዋ፣ ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ ያጣች ልጅ ነበረች።

«ባለቤቱ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» አልኳት።

«ውይ ጋሼ፣ እንደ አባቴ ናቸው! ስሰናበታቸው እንባ ተናንቋቸው ነበር።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋ፣

«ታዲያ ጋሼ፣ አራት ዓመት አብረን ሠርተን፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ያወዳድሩኛል?»