«ቆዩ፣ ገና አልጨረስኩም» ይል የነበረው ያቢ

ጠዋት ስልክ ተደውሎ «ያቢ አረፈ» ሲሉኝ «እሺ» አልኩ።

እሺ! እንደዚህ ይባላል? ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ ቆምኩ። አንዲት ሴት ሳፋ ልትገዛ መጣች፣ ሸጥኩላት። ክዳን ያለው ይሻልሻል ብዬ መከርኳት ሁሉ። እሷ ከወጣች በኋላ ነው ያቢ ያሉኝ ያቤጽ፣ የኛው ያቤጽ መሆኑ የገባኝ። ገባኝ ስል ደግሞ ገና አልገባኝም። እስካሁን አንድ እንባ አልወጣኝም።

እናንተ በቲክቶክ የምታውቁት ኮሜዲያን ለኔ የደሴ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ፣ ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የታመመው። ባለፈው ሳምንት፣ ሰኞ ገበያ ያለው ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ሰአዳ፣ አንቺ እኮ ፈገግ እያልሽ ብትሸጪ ገበያውን ጠቅላላ ትገዢው ነበር» ብሎኝ ሄደ። አልሳቅኩለትም። እኔ ቶሎ አልስቅም፣ እሱም ያውቃል።

መጀመሪያ መድረክ የወጣው ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ልናጨበጭብለት ስድስት ሆነን ከደሴ ወረድን። ወላሂ አላሳቀም! የአዲስ አበባ ልጆች ሲቀልዱ የቃረመውን ነው የሚያወራው። አሳንሰር ገብቶ የማያውቅ ልጅ ስለ አሳንሰር ይቀልዳል። በሱ ምክንያት ቲቪው የተዘጋበት አንድ ሰውዬ «ኧረ ኳሱን መልሱልን» አለ። ሰው ከወንበሩ መነሳት ሲጀምር ያቢ ደንግጦ «ቆዩ፣ ገና አልጨረስኩም!» ብሎ ጮኸ።

ያን ቀን ሰው የሳቀው በዚህች ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ በከሸፈ ቁጥር ይቺን ይላል። በኋላማ ተመልካቹ ራሱ ቀድሞ ይልለት ጀመር።

ሥራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ ከሥራ ሲወጣ ወደ ደሴ ይመለሳል። አዲስ ቀልድ ሲኖረው ጋቢና ይቀመጥና ለሾፌሩ የሚያወራ መስሎ ለተሳፋሪው ሁሉ ያወራል። «ሚኒባስ ውስጥ ያለ ሰው የት ይሄዳል?» ይለኛል። ቁልቁለቱ ላይ ያልሳቁለትን፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክለው ይውልና ዳገቱ ላይ እንደገና ይሞክረዋል።

ስንት ዓመት እንዲህ አደረገ። ቀስ በቀስ አሳንሰሩ ቀረ። በቀልዱ ውስጥ ባጃጁ መጣ፣ ሰፈራችን መጣ፣ በመጨረሻ የእናቱ ነገር መጣ። ያኔ ነው ያቢ ያቢ የሆነው። ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ሲያየው፣ እኔም ከኋላ ቆሜ «ይሄ ያ ልጅ ነው?» እል ነበር። ኮርቼበታለሁ። አልነገርኩትም።

እናቱ እትዬ ብርቄ ግን አንድም ቀን አላዩትም። ጴንጤ ናቸው፣ የጸሎት ሰው። መድረኩን «ዋዛ ፈዛዛ» ነው የሚሉት። ዝግጅት ባለው ቁጥር ይጋብዛቸዋል፣ እሳቸውም በጋበዛቸው ቁጥር «ጌታ ይባርክህ ልጄ፣ አልመጣም» ይሉታል። «ሰአዳ፣ አንዴ ብትሰማኝ እኮ ይበቃኛል» ይለኝ ነበር። የማይቀልድበት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ዛሬ ቀትር ላይ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የቸርች ልጆች ቀስ ብለው ይዘምራሉ። እትዬ ብርቄ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ሰአዳዬ፣ የመጣው ሁሉ ልጅሽ ያስቀን ነበር ይለኛል። ምን እያለ ነው የሚያስቃቸው? እኔኮ አላውቅም። እስቲ አንዱን ንገሪኝ።»

«እትዬ፣ እኔ አልችልበትም» አልኳቸው።

«አብሽሪ፣ እንደቻልሽ።»

የመጣልኝ ስለሳቸው የሚቀልደው ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ እሱ እንደሚለው ጀመርኩት።

«እናቴ ምሳ ላይ ስትጸልይ ከአገር ትጀምራለች። ከአገር ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ደሴ፣ ከዚያ ቧንቧ ውሃ ትደርስና ጎረቤቱን በስም በስም። ሽሮው በረዶ ሆኗል። በመጨረሻ ‹ጌታ ሆይ፣ ይህን ትኩስ ምግብ ባርክ› ስትል፣ እኔ ‹አሜን፣ እንደገናም አሙቀው!›»

ማንም አልሳቀም። መዝሙሩም ቆመ። ሁሉም እኔን ያያል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ቆዩ፣ ገና አልጨረስኩም» አልኩ።

«እኛ አሜን ስንል፣ አብራን የምትበላው የጎረቤታችን ልጅ ሰአዳ ቢስሚላህ ብላ ጀምራ አልሐምዱሊላህ ላይ ደርሳለች።»

እትዬ ብርቄ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ዓይኔን የጨፈንኩ መስሎሽ ነው?» አሉኝ። «አይሽ ነበር እኮ። አባትሽ የሞተ ሰሞን፣ እናትሽ ገበያ ስትውል፣ ከትምህርት ቤት ርቦሽ ትመጫለሽ። ብዪ ስልሽ ታፍሪያለሽ። ስንጸልይ ግን ትበያለሽ። እስክትጠግቢ ብዬ ነበር የማስረዝመው።»

እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ያኔ የበላሁት በፍጥነቴ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ነው። ቀብሩ ነገ ነው። አሁንም አላለቀስኩም።

ያቢዬ፣ ያንን ቀልድ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ስንት ጊዜ አመላለስከው። አልቋል ብለህም ነበር። መጨረሻው ግን እናትህ ጋ ነበር፣ እዚያው ምሳ የምንበላበት ቤት። በኔ በማይችለው አፍም ቢሆን ዛሬ ሰሙህ። ሳቁልህ።

ኮርቼብሃለሁ። ደህና ሁን ወንድሜ። ነገ ሰው ከቀብር መመለስ ሲጀምር እኔ ትንሽ እቆያለሁ፣ ያልጨረስከው ካለ።