የአባዬ አስተርጓሚ

ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ያ ጢጥ ጢጥ ዛሬም ወልድያ መንገድ ላይ ድንገት ሲመጣብኝ ባለሁበት ያስቆመኛል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሐራ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ሲሠራ፣ ያ ድምፅ ከማሳችን ማዶ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አባዬ የእንግሊዝኛ መጽሐፌን አስይዘው ከፊታቸው ያስቀምጡኝ ነበር። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ መማር ማለት ለእሳቸው ሸሁ ዘንድ ቁርአን እንደምንቀራው ሳይደናቀፉ በቃል መወጣት ነው። እኔም እየተወዛወዝኩ የቀጭኔን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አነበንብላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ግን ወላሂ አላውቀውም። የመርሳ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ቴሌቪዥን እያዩ የለመዱትን ቋንቋ እኔ በዜማ ብቻ ነበር የያዝኩት። አባዬ ግን ገበያ በወጡ ቁጥር «ልጄ እንግሊዝኛውን ጨርሳዋለች!» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ መግቢያ ይጠፋኝ ነበር።

በጋ ሲገባ ለሐዲዱ የተከመረው አፈር ቦያችንን ደፈነውና ሽንኩርታችን ይጠወልግ ጀመር። ዓመቱን የምንኖረው በዚያ ሽንኩርት ነበር። አባዬ እጄን ይዘው ሐዲዱን ወደሚያሠራው ፈረንጅ መሐንዲስ ወሰዱኝ፤ አስተርጓሚው ያን ቀን አልነበረም።

«አብሽሪ፣ ውሃችን እንደተዘጋ ንገሪልኝ» አሉኝ።

አፌን ስከፍት የወጣው ያ የቀጭኔ ታሪክ ነው! ስለ አንገቷ፣ ስለምትበላው ቅጠል፣ አንዴም ሳልደናቀፍ ተወጣሁት። ፈረንጁ ግራ ተጋብቶ ያየኛል፣ አባዬ ኮርተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ሊሄድ ሲል ግን ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ሽንኩርቱ ሊደርቅ ነው፣ ያደረቅሁትም እኔ ነኝ። እያለቀስኩ እጅጌውን ጨበጥኩና ወደ ቦዩ እያመለከትኩ «ዋተር ኖ! ፋዘር ዋተር ኖ!» አልኩት። ቆመ። ከዚያ ተከትሎን መጥቶ ማሳውን አየ፣ በሳምንቱም ከአፈሩ ሥር ቱቦ አስቀበረልን።

«አልሃምዱሊላህ! ያ ረጅሙ ንግግርሽ ነው ልቡን ያራራው» አሉ አባዬ።

«ኧረ አባዬ፣ እሱማ ስለ ቀጭኔ ነበር!»

«ቢሆንስ? ሰምቶሽ የለ!»

ዛሬ ሥራዬ ከውጭ ከሚመጡ ሰዎች ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገር ነው። ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ካርቱን እያየች በእንግሊዝኛ ታወራኛለች፣ ስትሳሳት ትስቃለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። እሷ ብትሳሳት የሚደርቅ ማሳ የለም። እኔ ቋንቋውን አውቄዋለሁ፤ ስሳሳት መሳቅን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም።