ከመርዶው የቀደመው ቪዲዮ

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የሚሰጠውን የእሁድ ስብከት ቪዲዮ ኤዲት የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ውሎዬ ግሮቭ ሲቲ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማንሳት ነው። ስቆርጥ ግን ምሕረት የለኝም። ሰባኪው ሲያስል፣ ሲደጋግም፣ ውሃ ሲጠጣ አወጣዋለሁ። አንድ ሽማግሌያችን «አንተ፣ አንድ ቀን እኔንም ቆርጠህ ትጥለኛለህ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እኚሁ ሽማግሌ ደወሉልኝ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩና አረጋውያን የሚንከባከቡ እናት አሉን። አዲስ አበባ ያለው አንድ ወንድማቸው ሞቷል፤ እሳቸው ገና አልሰሙም።

«ቅዳሜ ኦፍ ናቸው፣ ሥራ አይገቡም» አሉኝ ሽማግሌው። «ማለዳ ተሰብስበን ሄደን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል። አንተ ለእሁዱ መታሰቢያ ቪዲዮውን አዘጋጅ።»

ከቤተሰቡ ፎቶዎችና የሟቹ የድምፅ መልእክት ተላከልኝ። መጀመሪያ ስክሪኑን ጥቁር አድርጌ ድምፁን ብቻ አሰማሁ፤ ፊቱ ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ሰው ፊቱን ይጠብቃል። ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚያሻግረውን መደብዘዝ አዘገየሁት፤ መጨረሻ ላይ «በጌታ አርፏል» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ጊዜ ለመቆጠብ የጀመርኩት ያለፈውን እሁድ የስብከት ፕሮጀክት ፋይል ኮፒ አድርጌ ነው። ፊደሉም ቀለሙም እዚያው ተዘጋጅቶ ይገኛል። ሐሙስ ጠዋት ኤክስፖርት፣ ማለትም ወደ አንድ ያለቀ ቪዲዮ እንዲቀየር አዝዤው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨርስ ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ያለፈው እሁድ ፕሮጀክት ግን ሲያልቅ በቀጥታ በቤተ ክርስቲያኗ የኢንተርኔት ገጽ ላይ እንዲወጣ ያስተካከልኩት ነበር። ኮፒው ላይ ያንን መቀየር ረሳሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በምሳ ሰዓት ስልኬን ከሎከር ሳወጣ «አዲስ ቪዲዮ» የሚል መልእክት አየሁ። በቆምኩበት የቤተ ክርስቲያኗን ገጽ ከፈትኩ። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋሁት። አሥራ አራት ሰው አይቶታል፤ እነማን እንደሆኑ ግን ገጹ አይናገርም። እትዬ ደግሞ ዕረፍት ሲወጡ ያንን ገጽ መክፈት ይወዳሉ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠራሁ» ብዬ ለሽማግሌው ደወልኩ።

«አጥፍተኸዋል?»

«ዲሊት አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በል። አይተውት ቢሆን ጩኸታቸውን እንሰማ ነበር። ኮል እንዳታደርግላቸው፤ ድምፅህ ያሳብቅብሃል።»

እትዬ ጋ አልደወልኩም። ዓርብን ሙሉ በፍርሃት ዋልኩ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። መኪና እየነዱ አይተውት ቢሆንስ? ብቻቸውን ወድቀው ቢሆንስ?  ሽማግሌው ትክክል ናቸው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ራሴ ግን አላመነኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ስድስት ሆነን፣ ማስካችንን አድርገን በራቸውን አንኳኳን። እኔ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ። እትዬ ከፈቱ። ቆመው በማየቴ እፎይ አልኩ። ሽማግሌው ቃል ከመተንፈሳቸው በፊት እትዬ አንድ በአንድ አዩንና ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ።

«ሐሙስ አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሜ ጋ ለመደወል ፈራሁ። ተመልሼ ስከፍተው የለም። የእውነት ቢሆን ለምን ያጠፉታል? ተሳስተው ነው አልኩ። ደግሞ ሞቶ ቢሆን ማንም ብቻዬን አይተወኝም፣ ይመጡ ነበር አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጌታን ሳመሰግን ነበር።»

የበሩን መቃን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ይኸው መጣችሁ» አሉ።